በኮሌስቲያቶማ ሕክምና የመካከለኛ ጆሮን አየር መመለስ

በኮሌስቲያቶማ ሕክምና የመካከለኛ ጆሮን አየር መመለስ ማለት በሽታው በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው ክፍተት እንደገና አየር እንዲይዝና አየሩም እየታደሰ እንዲኖር የሚያደርጉ የቀዶ ጥገና ስልቶች ስብስብ ነው። ኮሌስቲያቶማ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ ክፍተት ውስጥ የአየር ግፊት ወርዶ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ሲሳብ ነው። ስለዚህ በሽታውን ብቻ ነቅሎ መንስኤውን መተው በሽታው ተመልሶ እንዲመጣ ዕድል ይሰጣል። የዘመኑ የጆሮ ቀዶ ጥገና ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ለመመለስ ይጥራል፦ በሽታው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ወይ? የቀረው ክፍተትስ አየር ሊያገኝ ይችላል ወይ? የሁለተኛው መልስ «አይችልም» ከሆነ ክፍተቱ ይሞላል ወይም ወደ ውጭ ይከፈታል።

ስልቶቹ በጥቅሉ በአራት ይከፈላሉ። እነዚህም የታፈኑ የአየር መተላለፊያዎችን መክፈት፣ የክፍተቱን የውስጥ ሽፋን መጠበቅ ወይም እንዲያገግም መርዳት፣ ታምቡሩ ዳግም እንዳይሳብ ማጠናከር፣ እንዲሁም የዩስታኪያን ቱቦን ሥራ ማገዝ ናቸው።

ስለ በሽታው

ኮሌስቲያቶማ በመካከለኛ ጆሮ ወይም ከጆሮ ጀርባ ባለው የማስቶይድ አጥንት ውስጥ ቦታውን ስቶ የሚያድግ ቆዳ ነው። ቆዳው እንደማንኛውም የሰውነት ቆዳ ኬራቲን የተባለውን የሞተ ንጣፍ ያለማቋረጥ ያራግፋል። ከሰውነት ውጭ ቢሆን ኖሮ ይህ ፍቅፋቂ በመታጠብ ይወገድ ነበር። በተዘጋ ክፍተት ውስጥ ግን ይከማቻል፣ ኪሱን ይለጥጣል፣ ሲመረቅዝም ዙሪያውን ያለውን አጥንት ይበላል። ስሙ ዕጢ ቢያስመስለውም ዕጢ አይደለም፣ ካንሰርም አይደለም፣ ኮሌስትሮልም በውስጡ የግድ አይገኝም።

በሽታው በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይታያል። በውልደት የሚገኘው ዓይነት ባልተቀደደ ታምቡር ጀርባ ከጽንስ ጊዜ በቀሩ የቆዳ ሴሎች እንደሚነሳ ይታመናል። በኋላ የሚመጣው፣ በብዛትም የሚታየው ዓይነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ወደ ውስጥ ከተሳበ የታምቡር ኪስ ነው። ኪሱ መጀመሪያ ላይ ራሱን ያጸዳል። እየጠለቀ ሲሄድ ግን አንገቱ ይጠብና ፍቅፋቂው መውጫ ያጣል። የአየር እጥረት ጉዳይ በይበልጥ የሚነሳው በዚህኛው ዓይነት ነው።

የተለመዱት ምልክቶች መጥፎ ጠረን ያለው የጆሮ መግልና ቀስ በቀስ የሚቀንስ መስማት ናቸው። ሕመም ብዙ ጊዜ ስለማይኖር ታማሚው ለዓመታት ችላ ሊለው ይችላል። በሽታው ሲገፋ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የተባሉትን ድምፅ አስተላላፊ ትንንሽ አጥንቶች ይበላል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የመስፉ ረጅም እግር ነው። ከዚያም አልፎ የፊት ነርቭን ሊያሽመደምድ፣ የሚዛን ቦዮችን ሸርሽሮ የራስ ማዞር ሊያመጣ፣ የአንጎል ሽፋን ብግነትና የአንጎል መግል ሊያስከትል ይችላል። ኮሌስቲያቶማን የሚያድን መድኃኒት የለም። ጠብታና ፀረ ባክቴሪያ መግሉን ቢያደርቁም ቆዳውን አያስወጡትም። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው።

የመካከለኛ ጆሮ አየር ከየት ይመጣል?

መካከለኛ ጆሮ በአጥንት የተከበበ ትንሽ ክፍል ነው። ከፊቱ በዩስታኪያን ቱቦ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር ይገናኛል፤ ከኋላው ደግሞ እንደ ማር እንጀራ ወደተቦረቦረው የማስቶይድ አጥንት ይከፈታል። የአዋቂ ሰው ዩስታኪያን ቱቦ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ወደ ጆሮ የቀረበው አንድ ሦስተኛው አጥንት ሲሆን የቀረው ልም አጥንት ነው። ቱቦው በአብዛኛው ዝግ ሆኖ ይቆያል፤ ሰው ሲውጥ ወይም ሲያዛጋ የላንቃ ጡንቻዎች ለቅጽበት ይከፍቱታል። በአውሮፕላን ጉዞ ላይ ምራቅ ስንውጥ ጆሯችን «ጧ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። የሕፃናት ቱቦ አጭርና ይበልጥ አግድም በመሆኑ ለጆሮ ብግነት ይጋለጣሉ።

ክፍተቱ አየር የሚያገኘው ግን በቱቦው ብቻ አይደለም። የውስጡ ስስ ሽፋን በደም ሥሮች የተሞላ ሲሆን በሽፋኑና በደሙ መካከል ሳያቋርጥ የጋዝ ልውውጥ ይካሄዳል። ከዚህ የተነሣ በመካከለኛ ጆሮ ያለው ጋዝ ከውጭው አየር ያነሰ ኦክስጅንና የበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። በጊዜ ሂደት ጋዝ ወደ ደም ስለሚመጠጥ ጉድለቱን ቱቦው በየጊዜው ይሞላል። ጤናማ የማስቶይድ አጥንት ደግሞ ሰፊ የአየር መጠን ስላለው ትንንሽ የግፊት ለውጦችን ይቋቋማል። በልጅነታቸው ተደጋጋሚ የጆሮ ብግነት የነበረባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ማስቶይዳቸው ጠባብና ድፍን ነው። በእነርሱ ዘንድ ትንሽ የጋዝ ጉድለት እንኳ ታምቡሩን ለመሳብ ሊበቃ ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳይ በክፍሉ ውስጥ ያለው መተላለፊያ ነው። መካከለኛ ጆሮ ታችና ላይ አለው። ኤፒቲምፓነም የሚባለው የላይኛው ክፍል እንደ ቤት ሰገነት ሲሆን የመዶሻው ራስና የመስፉ አካል ያሉት በዚያ ነው። ሰገነቱን ከታችኛው ክፍል የሚለዩት አጥንቶቹ፣ ጅማቶቹና ስስ እጥፋቶች ናቸው። አየር ወደ ላይ የሚያልፈው በዋናነት የቲምፓኒክ ኢስትመስ በተባለች ጠባብ በር ነው። ከሰገነቱ ፊት ለፊት ቴንሰር እጥፋት የተባለ ሌላ ስስ ሽፋን አለ። ይህ እጥፋት በብዙ ሰዎች ዘንድ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ስለሆነ ከዩስታኪያን ቱቦው አፍ ወደ ሰገነቱ በቀጥታ የሚወስደው መንገድ የለም። ኢስትመሱ በብግነት ወይም በጠባሳ ከታፈነ፣ ቱቦው በደንብ እየሠራ እንኳ ሰገነቱ ለብቻው አየር ያጣል። የታችኛው የታምቡር ክፍል ጤናማ ሆኖ ሳለ የላይኛው ልል ክፍል ብቻ ተስቦ ኮሌስቲያቶማ የሚፈጠርባቸው ሕመምተኞች መኖራቸው በከፊል በዚህ ይብራራል።

ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚታዩ ነገሮች

ሐኪሙ ጆሮውን በማይክሮስኮፕ ወይም በኢንዶስኮፕ ይመረምራል፣ መስማትን ይለካል፣ የሲቲ ስካን ምስልም ያያል። ሲቲ ስካን የአጥንቱን መሸርሸርና የማስቶይዱን ስፋት ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ይሁንና ፈሳሽን፣ ጠባሳንና ኮሌስቲያቶማን ለመለየት ይቸገራል። ለዚህ የሚያገለግለው ዲፊዩዥን የተባለው የኤምአርአይ ዓይነት ነው፤ በዚህ ምስል ኬራቲን ደምቆ ይታያል።

የአየር መመለስን ዕድል ለመገመት የሚጠየቁት ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

የሌላኛው ጆሮ ሁኔታ፦ ሁለተኛውም ታምቡር ከተሳበ ችግሩ የቱቦው የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

የማስቶይዱ ስፋት፦ አየር ያለው ማስቶይድ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጠባብና ድፍን ማስቶይድ ግን ተቃራኒውን ያመለክታል።

የሽፋኑ ጤንነት፦ ያበጠ፣ የመገለ ወይም ወደ ጠባሳ የተለወጠ ሽፋን ጋዝ የመለዋወጥ አቅሙ ደካማ ነው።

የአፍንጫ ሁኔታ፦ አለርጂ፣ ያበጠ አዴኖይድ፣ የላንቃ መሰንጠቅና ማጨስ የቱቦውን ሥራ ያውካሉ።

አፍንጫን የመማግ ልማድ፦ አንዳንድ ሰዎች ቱቧቸው ከመጠን በላይ ሲከፈት የገዛ ድምፃቸው በጆሯቸው ስለሚያስተጋባባቸው ለመዝጋት አፍንጫቸውን ደጋግመው ወደ ውስጥ ይምጋሉ። ይህ በእያንዳንዱ ጊዜ አየርን ከጆሮ ይመጥጣል። ልማዱ ካልቀረ የተሳካ ቀዶ ጥገና እንኳ ሊበላሽ ይችላል።

የአየር መተላለፊያዎችን መክፈት

ቀዶ ጥገናው በሁለት መሠረታዊ መንገዶች ሊሠራ ይችላል። በመጀመሪያው የጆሮ ቦይ የኋላ ግድግዳ ሳይነካ ይቆያል፤ ማስቶይዱ ከጆሮ ጀርባ ይቦረቦራል፣ በሽታውም ከሁለቱም አቅጣጫ ይነቀላል። በሁለተኛው ግድግዳው ይወገድና ማስቶይዱ ከጆሮ ቦይ ጋር አንድ ሰፊ ክፍተት ይሆናል። የመጀመሪያው የጆሮውን ተፈጥሯዊ ቅርጽ ስለሚያቆይ አየር የመመለስ ዓላማ ከዚህኛው ጋር ተያይዞ ይነሳል።

ግድግዳው በሚቆይበት ስልት ከማስቶይድ ወደ መካከለኛ ጆሮ ተጨማሪ በር ይከፈታል። ይህ የኋላ ቲምፓኖቶሚ ይባላል። በሩ የሚከፈተው በፊት ነርቭና የምላስን ጣዕም በሚያስተላልፈው ኮርዳ ቲምፓኒ ነርቭ መካከል ሲሆን ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀዶ ሐኪሙ በእርካቡ ዙሪያ ያለውን በሽታ የሚያየውና የሚያወጣው በዚህ በር ነው። በሩ ከዚያ በኋላም አየር ወደ ማስቶይድ የሚያልፍበት ሁለተኛ መንገድ ሆኖ ይቀራል።

በሰገነቱ ፊት ለፊት ደግሞ ቴንሰር እጥፋቱ ይቀደዳል ወይም ይወገዳል። ያኔ ከዩስታኪያን ቱቦው አፍ ወደ ሰገነቱ፣ ከሰገነቱም ወደ ማስቶይዱ አዲስ የአየር መንገድ ይፈጠራል። ይህን የፊት ለፊት መንገድ በጃፓን ሞሪሚትሱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጉልተው አስተዋወቁት። መዶሻው ወይም መስፉ በበሽታው ከተበላ የመስፉና የመዶሻው ራስ መነሣት በሽታውን ከማውጣት በተጨማሪ ኢስትመሱን ያሰፋል። አጥንቶቹ ጤናማ ሆነው ከተገኙ ግን ለአየር ሲባል መስማትን መሠዋት ተገቢ አይደለም። በዚህ ጊዜ በአጥንቶቹ ዙሪያ ያለው ጠባሳና ብግነት ብቻ ይጸዳል።

ኢንዶስኮፕ ለዚህ ሥራ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል። ማይክሮስኮፕ የሚያየው ቀጥታ መስመር ላይ ያለውን ብቻ ሲሆን የ30፣ የ45 ወይም የ70 ዲግሪ ኢንዶስኮፕ ግን ጥግ ዞሮ ያሳያል። በሽታው በሰገነቱ ከተወሰነ ሐኪሙ ማስቶይዱን ሳይቦረቡር በጆሮ ቦይ በኩል ብቻ ገብቶ በሽታውን ሊያወጣ፣ ኢስትመሱንና ቴንሰር እጥፋቱንም ሊከፍት ይችላል። ጤናማ የማስቶይድ ሽፋን ሳይነካ ስለሚተርፍ ይህ ለጋዝ ልውውጡም ይጠቅማል።

የውስጥ ሽፋኑን መጠበቅ

ክፍተት በመቦርቦር ብቻ አየር አይያዝም፤ ክፍተቱ ጤናማ ሽፋን ያስፈልገዋል። ራቁቱን የቀረ አጥንት ሲድን ተቃራኒ ግድግዳዎች በጠባሳ ይጣበቃሉ፣ ክፍተቱም ይደፈናል። ስለዚህ ቀዳሚው ጥንቃቄ በሽታ የሌለበትን ሽፋን አለመላጥ ነው። በተለይ በዩስታኪያን ቱቦው አፍ፣ በታችኛው ክፍልና በኢስትመሱ ዙሪያ ያለው ሽፋን በጥንቃቄ ይያዛል።

ሽፋን በጠፋበት ቦታ ስስ የሲሊኮን ገጽ ይዘረጋል። ገጹ ሁለቱ ግድግዳዎች እንዳይነካኩ ያግዳል፤ በዚህ መካከል ከዙሪያው ያለው ሽፋን እያደገ አጥንቱን ይሸፍናል። አየሩ እስከ ማስቶይድ እንዲደርስ ሲታሰብ ገጹ ከቱቦው አፍ ጀምሮ በሰገነቱና በኋላው በር እስከ ማስቶይዱ ሊዘረጋ ይችላል። ገጹ ታጥፎ ከተቀመጠ ወይም ጠርዙ ታምቡሩን ከነካ ሊወጣ ስለሚችል ቆረጣውና አቀማመጡ ጥንቃቄ ይሻሉ።

የሲሊኮን ገጽ ብዙ ጊዜ ከሁለት ደረጃ ቀዶ ጥገና ጋር አብሮ ይሄዳል። በመጀመሪያው ደረጃ በሽታው ይወጣል፣ ታምቡሩ ይጠገናል፣ ገጹም ይቀመጣል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ጆሮው እንደገና ይከፈታል። በዚያን ጊዜ የቀረ በሽታ መኖር አለመኖሩ ይታያል፣ ገጹ ይነሳል፣ ክፍተቱም አየር ከያዘ የተጎዱት አጥንቶች በሰው ሠራሽ አካል ወይም በታማሚው በራሱ አጥንት ይተካሉ። አየር በሌለው ጆሮ ውስጥ የተተከለ አጥንት በጠባሳ ስለሚያዝ ድምፅ ማስተላለፍ ያቅተዋል። መስማትን የመመለሱ ሥራ ወደ ሁለተኛው ደረጃ የሚተላለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአፍንጫ የተወሰደ ሽፋን በቤተ ሙከራ አሳድጎ መትከል አዲስ አቅጣጫ ነው። በቶኪዮ የጂኬይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከታማሚው አፍንጫ ትንሽ ሽፋን ወስደው ሴሎቹን እንደ ስስ ገጽ ካሳደጉ በኋላ በመካከለኛ ጆሮ ውስጥ ራቁቱን በቀረ አጥንት ላይ ተክለዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘገባ ዘዴው በሰው ላይ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ሆኖም የተሠራው በጥቂት ሕመምተኞች ላይ በመሆኑና ልዩ ቤተ ሙከራ ስለሚጠይቅ የተለመደ ሕክምና አልሆነም።

ታምቡሩንና ግድግዳዎቹን ማጠናከር

አየር እስኪመለስ ድረስ፣ ሙሉ በሙሉ ባይመለስም እንኳ፣ አዲሱ ታምቡር አሉታዊ ግፊትን መቋቋም አለበት። ከጡንቻ ልባስ የሚወሰደው የተለመደው መጠገኛ ስስ በመሆኑ በቀላሉ ይሳባል። ስለዚህ በኮሌስቲያቶማ ከጆሮ ቅርፊት ወይም ከጆሮ ቦይ ፊት ካለችው ትራገስ የሚወሰድ ልም አጥንት ይመረጣል። ልም አጥንቱ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊሳሳ ወይም እንደ አጥር ርብራብ በቀጫጭኑ ተቆርጦ ጎን ለጎን ሊደረደር ይችላል። ጥንካሬው ጥቅም ቢሆንም ከጀርባው የተደበቀ በሽታ በዓይን እንዳይታይ ያደርጋል።

በሽታው ወይም ቀዶ ጥገናው የሰገነቱን የውጭ ግድግዳ ካጎደለው ቀዳዳው በልም አጥንት ወይም በአጥንት ይደፈናል። ይህ ካልተደረገ አዲስ ኪስ የሚሳበው በዚያው ነው። የቦዩ የኋላ ግድግዳም በሽታውን ለማውጣት ከተነሣ በኋላ መልሶ ሊተከል ወይም በሌላ ቁሳቁስ ሊገነባ ይችላል። አንዳንድ ሐኪሞች ከጆሮ ጀርባ የተቦረቦረውን የማስቶይድ ውጫዊ ቀዳዳ ጭምር በአጥንት ሳህን ይከድኑታል። ዓላማው የቆዳው ሥር ሥጋ ወደ ክፍተቱ ተስቦ አየሩን እንዳይተካ ነው።

የዩስታኪያን ቱቦን ማገዝ

ቀላሉ መንገድ በታምቡሩ ውስጥ የአየር ማስገቢያ ትንሽ ቱቦ ማስቀመጥ ነው። አየር ከውጭ በቀጥታ ስለሚገባ ግፊቱ ይስተካከላል። ይሁንና ቱቦው የሚያገለግለው ከሰገነቱ ጋር ያለው መንገድ ክፍት ከሆነ ብቻ ነው። ኢስትመሱ ተዘግቶ ከሆነ ከታች የገባው አየር ወደ ላይ አይደርስም። ቱቦዎቹ ከወራት በኋላ ራሳቸው ይወጣሉ፤ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆዩት ደግሞ ሲወጡ ቀዳዳ ሊተዉ ይችላሉ። ልም አጥንት በተተከለበት ታምቡር ላይም ቱቦ ማስቀመጥ ይቻላል።

ሌላው መንገድ በአፍንጫ በኩል ትንሽ ፊኛ ወደ ዩስታኪያን ቱቦ አስገብቶ ለሁለት ደቂቃ ያህል መንፋት ነው። ይህ ስልት ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ተስፋፍቷል። የሚያሰፋው የቱቦውን የልም አጥንት ክፍል ነው፤ የአጥንቱ ክፍል ከትልቁ የአንገት ደም ቅዳ ቧንቧ አጠገብ ስለሚያልፍ አይነካም። በተሳበ ታምቡርና በቱቦ ድክመት ለሚቸገሩ አዋቂዎች ጥቅም ቢያሳይም ኮሌስቲያቶማ ተመልሶ እንዳይመጣ ይከላከላል ለማለት ማስረጃው ገና ጠንካራ አይደለም። የአፍንጫ አለርጂን ማከምና በሕፃናት ያበጠ አዴኖይድን ማንሣትም ከዚሁ እገዛ ይቆጠራሉ።

አየር መመለስ የማይመረጥበት ጊዜ

አየር ሊያገኝ የማይችል ክፍተትን ክፍት አድርጎ መተው አደገኛ ነው። ማስቶይዱ ጠባብ፣ ሽፋኑ የጠፋ፣ ቱቦውም ደካማ ሲሆን ሁለት አማራጮች አሉ።

የመጀመሪያው ክፍተቱን መሙላት ነው። ማስቶይዱና ሰገነቱ በታማሚው በራሱ የአጥንት ብናኝ፣ በልም አጥንት፣ በጡንቻ ወይም በሰው ሠራሽ ቁሳቁስ ይደፈናሉ። ታችኛው ክፍል ብቻ አየር እንዲይዝ ይተዋል። የሚሞላው ቦታ ስላነሰ ደካማ ቱቦ እንኳ ጉድለቱን ሊሞላው ይችላል። በዚህ ስልት የታከሙ ጆሮዎች የበሽታ መመለስ መጠናቸው ዝቅተኛ ሆኖ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ዋናው ስጋት ከሙሌቱ ሥር በሽታ ከተቀበረ በዓይን አለመታየቱ ነው። ስለዚህ የኤምአርአይ ክትትል የግድ ይሆናል።

ሁለተኛው የቦዩን ግድግዳ አንሥቶ ማስቶይዱን ወደ ውጭ መክፈት ነው። የተከፈተው ክፍተት አየር ከውጭ ስለሚያገኝ የመሳብ ችግር አይኖርበትም፤ በሽታ ከተመለሰም በቀላሉ ይታያል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ታማሚው ዕድሜ ልኩን ጆሮውን በሐኪም ማስጸዳት፣ ከውኃ መጠንቀቅና አልፎ አልፎ የሚመለስ መግልን መታገስ ሊኖርበት ይችላል። የመስሚያ መሣሪያ መግጠምም ያስቸግራል።

በጃፓንና በአውሮፓ ያሉ ባለሙያዎች አየር የመመለስና የመሙላት ስልቶችን አሁንም እያነጻጸሩ ይከራከራሉ። አየር መመለስን የሚመርጡት የጆሮው ተፈጥሯዊ አሠራር እንደሚጠበቅ ይናገራሉ። መሙላትን የሚመርጡት ደግሞ የተቦረቦረ ማስቶይድ ብዙ ጊዜ አየር መልሶ እንደማይዝ ያስታውሳሉ። ለሁሉም ጆሮ የሚሆን አንድ መልስ የለም።

ከቀዶ ጥገና በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታማሚው አፍንጫውን በኃይል እንዳይናፈጥ፣ አፉን ከፍቶ እንዲያስነጥስ፣ ከባድ እንዳያነሳ፣ ጆሮውን ከውኃ እንዲጠብቅና በአውሮፕላን ለመጓዝ ሐኪሙን እንዲጠይቅ ይመከራል። ታምቡሩ ከዳነ በኋላ ሐኪሙ ከፈቀደ አፍንጫን ይዞ በቀስታ አየር ወደ ጆሮ የመግፋት ልምምድ ሊጀመር ይችላል። መማግ ግን ለዘለቄታው መቅረት አለበት።

ክትትሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይፈልጋል። ቀሪ በሽታ የሚባለው በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሳይወጣ የቀረ የቆዳ ቁራጭ ተመልሶ ሲያድግ ነው። ተመላሽ በሽታ የሚባለው ደግሞ ሁሉም ወጥቶ ሳለ ታምቡሩ እንደገና ተስቦ አዲስ ኪስ ሲፈጠር ነው። አየር መመለስ የሚከላከለው ሁለተኛውን ነው፤ ለመጀመሪያው መድኃኒቱ የተሟላ ነቀላ ነው። ዲፊዩዥን ኤምአርአይ ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ኮሌስቲያቶማ ሊያሳይ ስለሚችል ለብዙ ሕመምተኞች ሁለተኛውን ቀዶ ጥገና አስቀርቷል።

የአየሩ መመለስ በሲቲ ስካን ሲመዘን የሚታየው አየሩ እስከ የት እንደደረሰ ነው፦ ምንም አልተመለሰም፣ እስከ ታችኛው ክፍል፣ እስከ ሰገነቱ፣ ወይም እስከ ማስቶይዱ። አየሩ ሰገነቱን ካለፈ ታምቡሩ ጸንቶ የመቆየት ዕድሉ ይጨምራል። ኪስ ከዓመታት በኋላም ሊሳብ ስለሚችል፣ በተለይ በልጆች ዘንድ፣ ክትትሉ ረጅም መሆን አለበት።

ሊደርሱ የሚችሉ ጉዳቶች

የመተላለፊያዎቹ በሮች የሚከፈቱት በጠባብ ቦታ ነው። የኋላ ቲምፓኖቶሚ የፊት ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ በብዙ ቦታ የነርቭ መከታተያ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ኮርዳ ቲምፓኒ ከተነካ በምላስ አንድ ጎን ጣዕም ይለወጣል። በሚሽከረከር ሰርሳሪ አጥንቶቹን መንካት ወደ ውስጥ ጆሮ የሚዘልቅ የመስማት ጉዳት ያመጣል። በሽታው የሚዛን ቦይን ሸርሽሮ ከሆነ ነቀላው ማዞርና የመስማት መጥፋት ሊያስከትል ይችላል። ከሰገነቱ በላይ ያለው አጥንት ስስ በመሆኑ የአንጎል ሽፋን መጋለጥና የፈሳሽ መፍሰስም ይታሰባል።

ታሪክ

በ1704 እ.ኤ.አ. አንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ ስለ ጆሮ ባሳተሙት መጽሐፍ በስማቸው የሚጠራውን አየር ወደ ጆሮ የመግፋት ዘዴ ገለጹ። ዣን ክሩቬልዬ በ1829 በሽታውን ዕንቁ የመሰለ ዕጢ ብለው ገለጹት፤ ዮሐንስ ሙለር ደግሞ በ1838 ኮሌስቲያቶማ የሚለውን ስም ሰጡት። በቪየና አዳም ፖሊትዘር በ1863 በአፍንጫ በኩል አየር የመንፋት ዘዴን አስተዋወቁ።

ኸርማን ሽዋርትዘ በ1873 የማስቶይድ ቀዶ ጥገናን ሥርዓት ካስያዙ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ዋናው ግብ ሕይወት ማትረፍ ነበር። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና የቀዶ ጥገና ማይክሮስኮፕ ሲመጡ ግቡ ሰፋ። በጀርመን ሆርስት ቩልሽታይንና ፍሪትስ ዞልነር በ1950ዎቹ መጀመሪያ የታምቡርና የአጥንቶች ጥገናን መሠረት ጣሉ። በ1954 ቤቨርሊ አርምስትሮንግ የአየር ማስገቢያ ቱቦን እንደገና ወደ ሕክምና አመጡ። ቀጥሎም ክላውስ ያንሰን በጀርመን፣ ዊሊያም ሃውስና ጄምስ ሺሂ በሎስ አንጀለስ የቦዩን ግድግዳ ያቆየውን ቀዶ ጥገና አስፋፉ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኢንዶስኮፕ ገባ። በ2017 የአውሮፓና የጃፓን የጆሮ ሐኪሞች ማኅበራት በበሽታው ትርጉም፣ አከፋፈልና ደረጃ ላይ የጋራ ስምምነት አወጡ። ይህም የተለያዩ ስልቶችን ውጤት በአንድ ሚዛን ለማነጻጸር አስችሏል።

የሕክምና አቅም ውስን በሆነበት

ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ ታዳጊ አገሮች የሚመግል ጆሮ የተለመደ ችግር ነው። ብዙዎች ወደ አንገት በላይ ሐኪም የሚደርሱት መስማታቸው ከቀነሰ ወይም ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው። በዚህ ደረጃ የሽፋኑና የማስቶይዱ ጉዳት ስለሚሰፋ አየር የመመለስ ዕድሉ ያንሳል። ግድግዳውን የሚያቆይ ስልት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ወይም ተደጋጋሚ ኤምአርአይ ስለሚጠይቅ፣ ከሩቅ ለሚመጣና ለክትትል መመለስ ለማይችል ታማሚ ክፍት ማስቶይድ ይበልጥ አስተማማኝ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቀድሞ መድረስ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚመግል ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ጆሮ በሐኪም መታየት አለበት። ዘይት፣ ቅጠልም ሆነ ሌላ ነገር በቤት ውስጥ ማድረግ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ኪሱን አያስወጣም። የሚመግል ጆሮ ላይ ማዞር፣ የፊት መጣመም፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ወይም ከጆሮ ጀርባ እብጠት ከተጨመረ ጉዳዩ ድንገተኛ ነው፤ ታማሚው በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል።